ያን ቀን ያምኑ ነበር?

ጥር 8

የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደገና ያንጠባጥባል። ቧንቧ ሠሪው «ነገ እመጣለሁ» ካለ ሳምንት አለፈ። የእሱ ነገ መቼ ይሆን?

ጠዋት ክፍል ነበረኝ። የዛሬው ርዕስ፦ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ የፊተኛው አመጣው አይባልም። ምሳሌ ስጡኝ አልኩ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እርስዎ ሲገቡ እንቅልፌ ይመጣል። በእርስዎ ምክንያት ነው ማለት ግን አይደለም።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ልጁ ትምህርቱ ገብቶታል። በሌለሁበት «እትዬ ማስረጃ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው አስተማሪዎች ስላሉ አልከፋኝም።

ምሳዬን ቤቴ በላሁ። አባባ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት። ሾርባውን ቀዳሁ፤ ማንኪያዬን ይዤ ጠበቅኩ። ሁልጊዜ እጠብቃለሁ። እኔ ከሃያ ዓመቴ ወዲህ ጸልዬ አላውቅም፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሰባኪ ናቸው፣ ማዕድ ሳይባርኩ ቀምሰው አያውቁም። «አሜን» እስኪሉ ማንኪያዬን አየር ላይ ማቆም ለምዶብኛል።

ዛሬ አልባረኩም። ዝም ብለው መብላት ጀመሩ።

ረስተው ይሆናል። ሰው አይደሉ... ዕድሜያቸውም ገፍቷል።

ጥር 9

ዛሬም።

ጥር 12

እሑድ። ኮታቸውን ለብሰው ወደሚሰብኩበት ጸሎት ቤት ሄዱ። ልጅ ሆኜ እዚያ የምቀመጠው ሰው ጭን ላይ ነበር፤ ቦታ ከየት ተገኝቶ! ከበሩ ውጪ ቆመው የሚሰሙ ነበሩ። አሁን የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ አግዳሚ ይበቃቸዋል፤ ግን ቤቱ የሞላ እንዲመስል ተራርቀው ነው የሚቀመጡት።

ሲመለሱ፣ «እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ቀዝቃዛ ነበር።»

«ቤቱ ነው ወይስ...»

«ቤቱ ነው» አሉ። ዓይናቸውን ግን አላሳዩኝም።

ጥር 15

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ምን እንደቀሰቀሰኝ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ... ለካ የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው።

የእሳቸው ክፍልና የእኔ በስስ ግድግዳ ነው የሚለዩት። በየማለዳው ጸሎታቸውን ያጉረመርማሉ። ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ብቻ ነው የሚያልፈው። ስሜ ላይ ሲደርሱ ግን አውቃለሁ፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ድሮ ያናድደኝ ነበር። «ያለ ፈቃዴ ስሜን አያንሱብኝ!» ብያቸው አውቃለሁ አንዴ፣ በወጣትነት እብሪት። እሺም እንቢም አላሉኝም። ማንሳታቸውንም አልተዉም።

ዛሬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ትንፋሻቸው ይሰማል። የተኛ ሰው ትንፋሽ አይደለም። ነቅተው ነው ዝም ያሉት።

ቆይ፣ እኔን ምን አስፈራኝ?

ጥር 21

ዛሬ ነገሩኝ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እየሞቅን ነበር። እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። እሳቸው መንገዱን ያያሉ።

«ልጄ... አንቺ ስትተዪው እንዴት ነበር?»

«ምኑን?»

«እሱን።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «አነበብኩ፣ ጠየቅኩ። ያገኘሁት መልስ አላረካኝም። ከእርስዎ ጋር ተጣላን። ረስተውታል እንዴ?»

«አልረሳሁም» አሉ። «እኔ ግን ምንም አላነበብኩም። የተከራከረኝም የለም። ባለፈው ክረምት፣ አንድ ተራ ጠዋት፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ። እንደ ልማዴ በልቤ እያወራሁት ነው። ጫማ ሳስርም አወራዋለሁ። መሃል ላይ ማንም እንደማይሰማ ታወቀኝ። ስልኩ ተቋርጦ ብቻሽን ስታወሪ ቆይተሽ እንደሚታወቅሽ... እንደዚያ።»

«በእናቴ ምክንያት ነው?»

«አይደለም። እናትሽ ስትሞት ነበረ። እንደዚያን ሰሞን ቀርቦኝም አያውቅ።» ፈገግ አሉ። «ምክንያት አትፈልጊለት። ከኋላ የመጣ ሁሉ በፊተኛው አይሳበብም የምትዪው አንቺ አይደለሽ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስንት ዓመት ስንከራከር ኖርን! በር እገፋለሁ ብሎ ሙሉ ጉልበቱን የጣለ ሰው፣ ከውስጥ ድንገት ሲከፍቱለት በአፍጢሙ ነው የሚደፋው። እኔም ተደፋሁ።

«ለማን ነግረዋል?»

«ላንቺ።»

«እሑድ እሑድስ? እዚያ ቆመው ምን ይላሉ?»

«የለመደ አፍ» አሉና ዞር አሉብኝ።

ጥር 22

በዚያ ሁሉ ክርክር አንድ ቀን እንኳ እንዲሸነፉልኝ ፈልጌ አላውቅም ለካ።

ጥር 29

ታላቅ ወንድሜ ደወለ። እሱ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። አባባ ነግረውታል።

«አንቺ ነሽ!» አለኝ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ሽማግሌ ሰው ቤትሽ አስገብተሽ አስካድሽው!»

«አንድ ቃል አልተነፈስኩም።»

«መተንፈስ አያስፈልግሽም። የቤትሽ አየር ይበቃል።»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ። «አንተስ? ለመጨረሻ ጊዜ ጸሎት ቤት የገባኸው መቼ ነው?»

«የሠርጌ ቀን» አለ። «የእኔ ግን ሌላ ነው። እሳቸው... እሳቸው እኮ አባባ ናቸው!»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ሁላችንም እንደ ዘበኛ ቀጥረናቸው ኖረናል። እሳቸው ነቅተው ይጠብቁ፣ እኛ እንተኛ። እሱ በስንፍና ተኛ፣ እኔ በክርክር ተኛሁ። ያው እንቅልፍ ነው። አሁን ዘበኛው ዱላውን ጥሎ ቢሄድ ሁለታችንም እንጮሃለን።

የካቲት 4

ክፍል ውስጥ ያልተዘጋጀሁበትን ጥያቄ ጠየቅኩ። «ፈጣሪ አለ ብላችሁ የምታምኑ?» ጥቂት እጅ። «የለም የምትሉ?» ከዚያም ያነሰ። ሌላውስ?

አንዷ ስልኳን ሳታስቀምጥ፣ «መምህር፣ አስቤበት አላውቅም» አለች። በድፍረት አይደለም። ስለ አንድ ሩቅ ዘመድ እንደተጠየቀ ሰው ነው።

እኔ ስክድ ለወራት እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። ክህደትም ጉልበት ይፈልጋል። እነዚህ ልጆች የሚክዱት እንኳ ነገር የላቸውም። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን? ወይስ እኛ ሳናስተምራቸው ነው እንዲሁ የሆነው?

የካቲት 11

እማማ ቁልፍ መጡ። ስማቸው ሌላ ነው፤ የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንገታቸው ላይ ስላንጠለጠሉ ነው እንዲህ የሚባሉት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ግን ገና ነው። ወንበር ሳልስብላቸው ራሳቸው ስበው ተቀመጡ።

«ቤቱ ተሸጠ» አሉ። «ፍራሽ መሸጫ ሊያደርጉት ነው።»

አባባ ወንበራቸውን አዞሩ። «ይሁን። ስብከቴም ላይ ይተኙ ነበር። አሁን ቢያንስ ይመቻቸዋል።»

እማማ ቁልፍ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እሑድ የመጨረሻችን ነው። መርቀው ያሰናብቱን። ሌላ አንጠይቅም።»

እኔ ወደ በሩ ስሸኛቸው ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «አባትሽን አምጪልን» አሉኝ። «ቃል ብቻ ነው። ቃል ምን ይከብዳል?»

ተመልሼ ገባሁና፣ «ይሂዱላቸው» አልኩ። «ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ይመርቋቸውና ይምጡ።»

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ? ማስረጃ የሌለውን አትናገሩ እያልሽ የሰው ልጅ የምታስተምሪው?»

«ሰዎቹ አርጅተዋል እኮ አባባ። ምን ይጎዳቸዋል?»

«አርጅተዋል ብዬ ልዋሻቸው?»

«ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ማን ነው በእኔ አፍ የተናገረው?

የካቲት 17

አብሬያቸው ሄድኩ። ከስንት ዓመት በኋላ።

አግዳሚዎቹ ላይ የገዢው ሰዎች ቁጥር ለጥፈውባቸዋል። መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል። እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ተራርቀው ተቀመጡ፣ እኔም ከጥግ።

አባባ ቆሙ። መጽሐፉን አልከፈቱም።

«የማላምነውን ልነግራችሁ አልችልም» አሉ። «ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ሳላምን ስሰብክላችሁ ቆይቻለሁ። አፌ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ይቅር በሉኝ።»

እማማ ቁልፍ፣ «እናውቃለን» አሉ። «በጸሎት መሃል ሰዓትዎን ማየት ጀምረው ነበር።»

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ። ነገሩ በዚሁ ቀልሎ ሊያልፍ ነው አልኩ። ልቤም መለስ አለ።

ያኔ ነው ልብስ ሰፊው የተነሳው።

ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤት ልብሴን የሰፋልኝ እሱ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሲያወራ ክር እንደያዘ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ የሚያዳምጥ። አንዲት ልጅ ነበረችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ያዛት፣ ሳምንት አልቆየችም። ቆይቷል... እኔ ያኔ ገና ማስተማር መጀመሬ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። «ልጄን የቀበርን ቀን፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ትከሻዬን ይዘው ‹ታያታለህ› ብለውኛል። ያን ቀን ያምኑ ነበር?»

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የለም።

«አዎ ይበሉኝ ወይም አይ። የትኛውንም ቢሉ አልጣላዎትም።»

ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አዎ ይበሉ! አልኩ በልቤ። አባባ፣ አዎ ይበሉ፣ ይዋሹት! ሰው ጸሎት የሚያደርሰው እንደዚህ ከሆነ፣ ዛሬ ጸለይኩ ማለት ነው። ለውሸት።

አልመለሱለትም። ልብስ ሰፊው ትንሽ ጠበቀ። ባርኔጣውን ደፋና ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

የካቲት 18

ትናንት ማታ እራት አልበሉም። ዛሬም ሻይ ብቻ።

የካቲት 25

ጠዋት ወደ ክፍል ስሄድ በልብስ ሰፊው ሱቅ በር አለፍኩ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ይሥራ፣ ሥራ ያስረሳል ብዬ ደስ አለኝ። ስጠጋ አየሁት። እግሩ ይረግጣል፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል። ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም።

ሰላም ልለው ፈለግኩ። ግን ሳያየኝ አለፍኩ። እስካሁን ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ... ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለ እንኳ እሰማዋለሁ።

መጋቢት 2

ጠዋት ጉርምርምታ ቀሰቀሰኝ። ከግድግዳው ወዲያ። ያው ዜማ! ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ እውነቱን ለመናገር። ተመለሰላቸው አልኩ። ባዶ እግሬን ሄጄ በራቸውን ገርበብ አደረግኩ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዜማው የድሮው ነው። ቃሉ ግን...

«ያን ቀን ታምን ነበር? ያን ቀን ታምን ነበር? ያን ቀን...»

በሩን መልሼ ገጠምኩ። ወደ አልጋዬ መመለስ ፈራሁ። ኩሽና ገብቼ ሙሉ በሙሉ እስኪነጋ ቆምኩ።

መጋቢት 5

ወንድሜ መጣ። ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙ ልባቸውንም ደማቸውንም አይቶ «ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው» አለው። ወንድሜ ተቆጣ፤ በሽታ እንዲገኝባቸው ፈልጎ ነበር መሰለኝ። መድኃኒት ያለው ነገር እንዲሆን።

መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ «ለልብስ ሰፊው አንቺ ንገሪው» አለኝ። «አዎ ያምኑ ነበር ብለሽ። ማን ያጣራል?»

እኔም ሳላስበው ቀርቼ አይደለም።

መጋቢት 11

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

እያስተማርኩ በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊው ነው። በኮት፣ ባርኔጣውን ይዞ። ኋላ ካለው ወንበር ላይ፣ ከዚያ እንቅልፋም ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ የአንዳቸው አባት መስሏቸው ዝም አሉ። ቀጠልኩ። የምናገረው ምን እንደሆነ አላውቅም። ሲያልቅና ሁሉም ሲወጡ እሱ አልተነሳም።

«ጥሩ ታስተምሪያለሽ» አለ። «አሁን እኔን አስተምሪኝ።»

«ምን ልበልህ ጋሼ?»

«ልጄ የት ናት?»

ዳስተሩን ይዤ ቀረሁ። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ትውልድ ሙሉ የሚበቃ መልስ አንብቤያለሁ። አንዱም አፌ ላይ አልመጣም።

«አላውቅም።»

«ማስረጃ የለሽም።»

«የለኝም።»

«የለችም ለማለትስ?»

«አላውቅም ጋሼ። እውነቴን ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊነሳ ነው። እንዲሄድ አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ «ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?» አልኩ።

በጥፊ እንደመታሁት ነው ያየኝ። «ማን?»

«ልጅህ።»

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለ። «‹ጥሩ ቦታ ናት› ነው የሚሉኝ። ሁሉም። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? ጥሩ ቦታ ናት ከተባለ ነገሩ ያልቃል። ‹አሜን› ብዬ ወደ ሥራዬ።»

ቁጭ አልኩ፣ ከተማሪ ወንበር ላይ፣ ከእሱ ፊት።

በፉጨቷ ጀመረ። ፉጨት ትወድ ነበር፤ ሴት ልጅ አታፏጭም እያሉ ጎረቤት ሲቆጧት ከጎረቤት በር ላይ ቆማ ታፏጫለች። ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርግበትን ጠመኔ ትሰርቀውና አስፋልት ላይ ሰው ትስላለች፣ ሁሉም ሰው አፍንጫው ትልቅ ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ትጠላ ነበር። ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ከፊት አንድ ጥርስ የለውም።

ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ተኳርፈን ነበር» አለ። «ፀጉሯን ሳታስፈቅደኝ ተቆርጣ መጣች። አላናገርኳትም። ትኩሳቱ ሲጀምራት አውቃ ነው፣ እንድታረቃት ነው ብዬ... ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ‹ታያታለህ› ሲሉኝ እኔ የማስበው ይህን ነበር። አያትና ፀጉርሽ አምሮብሻል እላታለሁ እያልኩ።»

እጁን ያዝኩ።

የፅዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ እስክትገባ ድረስ አወራ። ሲነሳ ባርኔጣውን አራገፈ።

«ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም» አለ። «አባትሽን ነው የምጠይቀው።»

መጋቢት 18

መጣ። አባባ ተላጭተው ጠበቁት። ሻይ አቀረብኩና ወደ ኩሽና ገባሁ። በሩን አልዘጋሁትም።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ዞሬ እፈልገዋለሁ» አሉ አባባ። «አላገኘውም። እምነቱ ሲሄድ ብቻውን አልሄደም። ያለፈውን ጠራርጎ ነው የሄደው። አምኜ የኖርኩበትን አንድ ቀን እንኳ ማስታወስ አቃተኝ። የቀብሩ ዕለት አንተ ትመለከተኝ ነበር። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ አልኩ። አምኜ ይሁን ዓይንህን ፈርቼ... አላውቅም ወንድሜ። ይህ ነው መልሴ።»

«በዚያች ቃል ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«እስከ ዛሬ።»

«አውቃለሁ።»

ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማሁ። ልብስ ሰፊው ቆሟል።

«ይስሙኝ» አለ። «እኔ አልተውም። እርስዎ ቢተዉትም እኔ አምናለሁ። ግን እስከ ዛሬ ያመንኩት በእርስዎ በኩል ነበር። አሁን ብቻዬን ቀረሁ። ያስፈራል።»

«እኔም ብቻዬን ነኝ» አሉ አባባ። «ያስፈራል።»

ሻዩን ሳይቀምስ ሄደ። አልተጣሉም። አልታረቁምም። አባባ ብርጭቆውን አንስተው የእሱን ሻይ ጠጡለት፣ ቀዝቅዞ።

ሚያዝያ 6

እማማ ቁልፍ አረፉ። በእንቅልፋቸው። የእህታቸው ልጅ ናት የደወለችው። ነገ ቀብር።

አባባ ሲሰሙ፣ «ሳልመርቃቸው» አሉ።

ሚያዝያ 7

ጸሎት ቤት ስለሌለ ቀጥታ ወደ መቃብሩ ነው የሄድነው። ወንድሜ በስልክ ከሌላ ሰፈር ሰባኪ ለምኖ ነበር፤ ሰባኪው ሌላ ቀብር ላይ ነኝ፣ አልደርስም ብሎ ደወለ። ቆመን ጠበቅን። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ንፋስ አለ። ጥቂት ሰው ነን። የሁሉም ዓይን ቀስ በቀስ ወደ አባባ ዞረ።

አባባ ጉድጓዱን ያያሉ። አንድ ሰው፣ «እባክዎ...» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አይሆንም።

እንዲሁ ልንቀብራቸው ነው? እንደ ዕቃ?

ልብስ ሰፊው ወደ ፊት ወጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጮክ ብሎ ጀመረ። «መንገዷን አብራላት...»

ቆመ። ጠፋበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ እንጂ ሲል ኖሮ አያውቅ! ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «መንገዷን አብራላት...» እንደገና። አካፋው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ።

«ድካሟን አሳርፍላት።»

የእኔ ድምፅ ነው። በሹክሹክታ፣ ከኋላው። ፊደል ሳንቆጥር በፊት እኔንና ወንድሜን አባባ በቃል ያስጠኑን ጸሎት ነው። ረስቼዋለሁ ብዬ እምል ነበር።

«ድካሟን አሳርፍላት» አለ ልብስ ሰፊው።

«የደከመችበትን አትርሳባት።»

«የደከመችበትን አትርሳባት።»

«ስሟን ከአፍህ አታውጣ።»

እኔ በሹክሹክታ፣ እሱ ጮክ ብሎ። አንዱ መስመር ሲያልቅ ቀጣዩ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን እዚያው አለ። እንዲህ እየተባባልን እስከ መጨረሻው ሄድን። ሰዉ አሜን አለ። እኔ አላልኩም። አባባም አላሉም። እኔን ነበር የሚያዩኝ፣ የሞተ ሰው ቆሞ እንዳዩ።

ቤት ገብተን ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«አምነሽ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«ዋሽተሽ ነው?»

አሰብኩ። «አይደለም አባባ። የያዝኩት ልብስ ሰፊውን ነበር፣ መሃል ላይ እንዳይወድቅ። ቃሉን አይደለም።»

ፊታቸው ተለወጠ። እንዴት ብዬ ልጻፈው... ጨለማ ክፍል ውስጥ ዕቃ ሲፈልግ የቆየ ሰው እጁ ሲነካው።

«እንደዚያ ነበር» አሉ።

«ምኑ?»

«የእኔም። አሁን ትዝ አለኝ። ስናገር ከኋላዬ አንድ ሰው ቀስ ብሎ የሚያቀብለኝ ነበር የሚመስለኝ። የሚቀጥለውን ቃል። አንቺ ለእሱ እንዳቀበልሽው። ማመን ማለት ለእኔ ይህ ነበር፤ ሌላ አልነበረም። የልብስ ሰፊው ልጅ ቀብር ላይም...» እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ትከሻውን ስይዝ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ‹ታያታለህ› የሚለውን እኔ አልፈጠርኩትም። ተቀበልኩት። ያን ቀን ነበረ። አምን ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን የለም» አሉ፣ ሳያቅማሙ። «ያን ቀን ግን ነበረ።»

ተነሱ። ሳይነጋ የሚወጣ እንግዳ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም። ነገ ይደርሳል፣ ደክመዋል አልኳቸው። አልሰሙኝም። በሩ ተዘጋ። በመስኮት አየኋቸው፤ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ በሚወስደው መንገድ ታጠፉ።

ብቻዬን ቀረሁ። ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ፣ ርዕሱን እንኳ አልወሰንኩም።

ለልብስ ሰፊው እኔ አቀበልኩት። ከእሱ ኋላ እኔ ነበርኩ።

ለእኔስ? እያንዳንዱ መስመር ሲያልቅ ቀጣዩን ያቀበለኝ ማን ነው? የልጅነት ትዝታ ነው፣ ይኸው ነው፣ ለተማሪዎቼም እንዲሁ ነው የምለው። ይበቃል።

ግን እዚያ መቃብሩ ዳር፣ ሰው ቆሞ የከለለው ይመስል ከኋላዬ ንፋሱ ቀጥ ብሎ ነበር። ዞሬ አላየሁም።

ብዞርስ ኖሮ?